በባሕር ዳር የኦንላይን መግቢያ ፈተና፦ የክፍል ዝግጅት፣ ቁጥጥርና የቴክኒክ ብልሽት

የኦንላይን መግቢያ ፈተና ተፈታኙ ጥያቄውን ከስክሪን ላይ እያነበበ መልሱን በማውስ የሚመርጥበት፣ የመረጠውም ወደ ሰርቨር፣ ማለትም ለሁሉም ተፈታኞች ወደሚያገለግለው ዋና ኮምፒውተር፣ እየተላከ የሚቀመጥበት ፈተና ነው። ስሙ ኦንላይን ይሁን እንጂ ቤት ተቀምጦ የሚሠራ አይደለም። ተፈታኙ ወደ ፈተና ጣቢያ ይመጣል፤ በር ላይ ይፈተሻል፤ ፈታኝ ባለበት ክፍል በተመደበለት ቁጥር ይቀመጣል። ከወረቀቱ ፈተና የሚለየው፣ ከፈታኙና ከሱፐርቫይዘሩ ጎን የኮምፒውተርና የኔትወርክ ባለሙያ መቆሙ ነው።

በኢትዮጵያ ወደዚህ አሠራር የተመጣው በደረጃ ነው። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ አፈትልኮ በመሰረዙ በሐምሌ እንደገና ተሰጠ። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በ2015 መጀመሪያ ላይ ፈተናውን የወሰዱት በየትምህርት ቤታቸው ሳይሆን ዩኒቨርሲቲ ገብተው ነው። በ2015 መጨረሻ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር ተጀመረ፤ በ2016 ደግሞ ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች የተወሰኑት ለመጀመሪያ ጊዜ በኦንላይን ተፈተኑ። ተፈታኞች በአጭሩ ጋት የሚሉት የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናም በኮምፒውተር ይሰጣል።

በባሕር ዳር ለዚህ ሥራ የሚመቹት የኮምፒውተር ክፍሎች በብዛት የሚገኙት በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ካምፓሶች ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው ፖሊ ቴክኒክና የመምህራን ኮሌጁ በ1992 ተዋሕደው የተመሠረተ ሲሆን፣ የከተማው ሰው ካምፓሶቹን ፔዳ፣ ፖሊ፣ ይባብ፣ ዘንዘልማ እያለ ይጠራቸዋል። የጣና ዳር ተፈታኝ መንገዱ የተለየ ነው። ከዘጌ ወይም ከደቅ ደሴት የሚመጣ ተማሪ በጀልባ ይሻገራል፤ ሐይቁ ከሰዓት በኋላ በነፋስ ስለሚናወጥ ጉዞው ጠዋት ቢሆን ይመረጣል። ስለዚህ የመግቢያና የሙከራ ቀን ሲወጣ የጀልባውን ሰዓት አብሮ ማሰብ ያስፈልጋል። የሙከራ ፈተናው ያመለጠው ልጅ ማውስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጨብጠው በዋናው ፈተና ላይ ሊሆን ይችላልና።

ፈተናው የሚውልበት ወቅት የባሕር ዳርን ፈታኝ ያስጨንቃል። ዋናው ፈተና የሚሰጠው ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ላይ ነው፤ ዝናቡ የሚበረታበት፣ ነጎድጓድ የማይጠፋበት፣ መብራት ደጋግሞ የሚሄድበት ጊዜ። የሙከራ ፈተና ብዙ ጊዜ ግንቦት ላይ ይውላል፤ ያኔ ደግሞ ሙቀቱ ነው ችግሩ። አንድ ዴስክቶፕ ከነስክሪኑ 120 ዋት ገደማ ቢወስድ 50ዎቹ 6,000 ዋት ይሆናሉ። አንድ ተቀምጦ የሚፈተን ሰው 100 ዋት ያህል ሙቀት ስለሚያወጣ፣ 50 ተፈታኞች ሌላ 5,000 ይጨምራሉ። መስኮት ተዘግቶ በዚህ ክፍል ሁለት ሰዓት መቀመጥ ለተፈታኙም ለማሽኑም አይሆንም። አቧራ የያዘ ማራገቢያ ያለው ኮምፒውተር ከሙቀቱ የተነሳ ራሱን ሲያጠፋ ብዙ ሰው ቫይረስ ይመስለዋል።

ከኤሌክትሪኩ እንጀምር። ያው 6,000 ዋት በ220 ቮልት ሲካፈል 27 አምፔር ገደማ ነው። ባለ 16 አምፔር ብሬከር የሚሸከመው 3,520 ዋት ብቻ ስለሆነ ክፍሉ ቢያንስ በሁለት፣ ቢቻል በሦስት መስመር መከፈል አለበት። ኤክስቴንሽን ላይ ኤክስቴንሽን የተቀጣጠለበት ክፍል ሙከራ ላይ ችሎ ሊያልፍ ይችላል፤ ብሬከሩ የሚዘለው ሁሉም ማሽን በአንድ ጊዜ ሲበራ ነው። ስለዚህ ሙከራው ሁሉንም ማሽኖች አብርቶ፣ ከአንድ ሰዓት ላላነሰ ጊዜ መሆን ይኖርበታል።

ጄኔሬተር ያለበት ጣቢያ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ከባትሪ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ፣ አያስፈልገውም የሚል አስተሳሰብ አለ፤ ትክክል አይደለም። ጄኔሬተሩ ተነስቶ ጭነቱን እስኪረከብ ጥቂት ሰኮንድ ያልፋል፤ ዴስክቶፕ ደግሞ ለአንድ ሰኮንድም ቢሆን መብራት ሲያጣ ይጠፋል። የዩፒኤሱ ሥራ ይህን ክፍተት መሙላት ነው። ባትሪው ያረጀ ዩፒኤስ ፉጨቱን ያሰማል እንጂ ጭነት አይሸከምም፤ ስለዚህ ሶኬቱን ነቅሎ ከነጭነቱ መፈተሽ እንጂ አረንጓዴ መብራቱን አይቶ ማለፍ አይበቃም። ብዙ ጣቢያ የሚሳሳተው ኮምፒውተሮቹን ሁሉ ዩፒኤስ ላይ ሰክቶ የኔትወርክ ስዊቹን (የኮምፒውተሮቹ ኬብሎች የሚገናኙበትን ሳጥን) እና ራውተሩን (ኔትወርኩን ከውጭ መስመር ጋር የሚያገናኘውን) ግድግዳው ላይ ሲተዋቸው ነው። መብራት ሲሄድ ስክሪኑ ሁሉ እንደበራ ይቆያል፤ ግንኙነቱ ግን ተቋርጧል። ላፕቶፕ በዚህ ረገድ ይሻላል፤ ባትሪው በውስጡ ነው። ሌዘር ፕሪንተር ሲሞቅ ብዙ ኃይል ስለሚስብ በምንም ምክንያት ዩፒኤሱን መጋራት የለበትም።

ኔትወርኩ በኬብል ቢሆን ይመረጣል። ዋይፋይ 50 ሰው በአንድ ጊዜ ገጽ ሲከፍትበት ይንገዳገዳል፤ ለተጨማሪ ስልኮችም በር ይከፍታል። የመዳብ ኔትወርክ ኬብል ከ100 ሜትር ማለፍ የለበትም። ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ሲሻገር መረጃን በብርሃን የሚያስተላልፈው ፋይበር መሆን አለበት፤ የመዳብ መስመር መብረቅ በአካባቢው ሲወድቅ የተፈጠረውን ኃይል ይዞ ገብቶ በሁለቱም ጫፍ ያለውን ስዊች ያቃጥላል፣ ፋይበር ግን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። የመስመሩን አቅም በሒሳብ ማየት ይቻላል፦ 200 ተፈታኞች በአንድ ቅጽበት 2 ሜጋባይት የሚመዝን ገጽ ቢከፍቱ 400 ሜጋባይት ይሆናል፤ በሰኮንድ 100 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር ይህ ቢያንስ 32 ሰኮንድ ይፈልጋል። ተፈታኞቹ ገጹ ዘገየ ብለው ደጋግመው ሲጫኑ ወደ ሰርቨሩ የሚላከው ጥሪ ይባዛና ወረፋው ይረዝማል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በረድፍ በረድፍ፣ በመሃል ግማሽ ደቂቃ እየሰጡ ማስጀመር፣ ነጩ ገጽ ሲመጣ እጃቸውን ከማውሱ እንዲያነሱ አስቀድሞ መንገር።

የኢንተርኔት መስመር ራሱ ቢቋረጥስ? ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለበርካታ ወራት ተዘግቶ መቆየቱ፣ ሞባይል ዳታን መጠባበቂያ አድርጎ መቁጠር እንደማያዋጣ አሳይቷል። ፈተናው ከሩቅ ሰርቨር የሚመጣ ከሆነ በፋይበር የገባ መስመር የግድ ነው። ሰርቨሩ በካምፓሱ ውስጥ ከተተከለ ግን ፈተናው በውስጥ ኔትወርክ ይካሄዳል፤ ውጤቱ መስመር ሲኖር ይላካል። ለጣና ዙሪያ ይህኛው ይሻላል፤ ሰርቨሩን የሚጠብቅ ታማኝ ሰውና ሁለተኛ ተጠባባቂ ሰርቨር እስካለ ድረስ።

በማሽኑ ላይ ፈተናው የሚከፈተው ሌላውን ሁሉ በሚዘጋ ብራውዘር ነው። ለዚህ ከሚያገለግሉት በዓለም የታወቀው፣ በዙሪክ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ሴፍ ኤግዛም ብራውዘር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሙድል ከተባለው የትምህርት ሶፍትዌር ጋር ይጣመራል። ብራውዘሩ ሌላ መስኮት መክፈትን፣ ኮፒ ማድረግንና ስክሪን መቅረጽን ይከለክላል። ችግር የሚያመጣው ሥሪቱ በየማሽኑ ሲለያይ ነው፦ ሰርቨሩ የሚጠብቀው ቁልፍ (ብራውዘሩን የሚለይበት ኮድ) ከብራውዘሩ ቁልፍ ጋር ካልገጠመ ፈተናው አይከፈትም፤ አንዱ ረድፍ ሲገባ ሌላው ይቀራል። በአንድ ማሽን ላይ በደንብ ተስተካክሎ የተፈተሸውን ፋይል ለሁሉም ማዳረስ ከዚህ ያድናል። የዊንዶውስ አፕዴት ከሳምንት በፊት ተጠናቆ በፈተናው ቀናት መታገድ አለበት።

ቀንና ሰዓት ለብቻቸው ሊወሱ ይገባል፤ ይህ የእኛ አገር ጣጣ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ፣ ሲአር 2032 የምትባለው፣ ስትደክም ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደኋላ ይመለሳል። ያኔ ብራውዘሩ የሰርቨሩን የደኅንነት ሰርተፍኬት፣ ማለትም የሰርቨሩን ማንነት የሚያረጋግጠውን ጊዜ የተወሰነለት ማስረጃ፣ አይቀበልም፤ ተፈታኙም ሆነ ፈታኙ “ኔትወርክ የለም” ይላል። አንዳንዴ ደግሞ ባለሙያው በቅንነት የእኛን ዓመተ ምሕረት ይሞላዋል። ኮምፒውተሩ 2017ን እንደ ፈረንጅ 2017 ስለሚያነብ ሰርተፍኬቱን ገና ያልወጣ ያደርገዋል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፦ ጠዋት 2፡30 የሚጀመር ፈተና በሰርቨሩ ላይ 8፡30 ተብሎ መሞላት አለበት። 2፡30 ብሎ የሞላው ሰው ፈተናውን በሌሊት ከፍቶታል፤ ተማሪዎቹ ሲደርሱ ተዘግቶ ይጠብቃቸዋል። የጊዜ ክልሉ የአዲስ አበባ ወይም የናይሮቢ፣ ማለትም ከግሪንዊች 3 ሰዓት የሚቀድመው መሆኑን በየማሽኑ ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

በፈተናው ቀን ቀድሞ የሚመጣው የመግቢያ ችግር ነው። በወረቀት ታትሞ የተሰጠ ፓስዎርድ ላይ ዜሮ ቁጥርና ኦ ፊደል፣ አንድ ቁጥርና ትንሹ ኤል ይምታታሉ፤ እነዚህ ጭራሽ ባይኖሩበት ይሻላል። ካፕስ ሎክ በርቶ መቆየት፣ ናም ሎክ መጥፋት፣ ኪቦርዱ ወደ አማርኛ ተቀይሮ መቅረት ቀጥለው የሚመጡ ናቸው። የአማርኛ ጥያቄ በፊደል ፈንታ ባዶ ሳጥን ሆኖ ከታየ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ማሽኑ ላይ የለም ማለት ነው፤ ይህ ሙከራው ላይ መያዝ የነበረበት ጥፋት ነው።

ብልሽት ሲነገር ፈታኙ አስቀድሞ መቁጠር ይኖርበታል። አንድ ማሽን ብቻ ከሆነ ጥፋቱ የማሽኑ ወይም የኬብሉ ነው። ተከታታይ ወንበሮች አብረው ከቆሙ የሚጋሩትን ስዊች ወይም ኤክስቴንሽን ማየት ነው። ክፍሉ በሙሉ ከቆመ ከክፍሉ የሚወጣውን መስመር፤ ሕንፃው ሁሉ ከሆነ ሰርቨሩን። የማሽኑ አይፒ አድራሻ (በኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበት ቁጥር) በ169.254 ከጀመረ ከኔትወርኩ አድራሻ አላገኘም፤ ወይ ኬብሉ ላልቷል ወይ የሚታደለው አድራሻ አልቋል። አንድ የተለመደ የአድራሻ ክልል ለ254 መሣሪያ ብቻ ይበቃል፤ ትላንት የገቡ ስልኮች ይዘውት ካደሩ የዛሬው ተፈታኝ ይቸገራል። የግቢው አድራሻ በ10 እየጀመረ አንዳንድ ማሽን 192.168 ካሳየ ደግሞ አንድ ሰው ከቢሮው የቤት ራውተር ሰክቷል፤ ራውተሩ ተፈልጎ እስኪነቀል ችግሩ ከወንበር ወንበር ይዞራል። የስዊቹ መብራቶች ሁሉ በአንድነት ያለማቋረጥ ከተርገበገቡ የአንድ ኬብል ሁለት ጫፍ እዚያው ስዊች ላይ ተሰክቷል፤ በቅንነት የሚያጸዳ ሰው ወድቆ ያገኘውን ጫፍ ክፍት ቀዳዳ ውስጥ ሲከተው የሚመጣ ነው።

የዚህ ሥራ ትልቁ ስሕተት ተፈታኙን አስቀምጦ ኮምፒውተር መጠገን ነው። መልሱ ያለው ሰርቨሩ ላይ እንጂ ከፊቱ ባለው ማሽን ውስጥ አይደለም። ሙድል በመደበኛ አቀማመጡ የተመረጠውን መልስ በየ60 ሰኮንዱ ይይዛል፤ ወደ ቀጣዩ ገጽ ሲታለፍም ያስቀምጣል። ስለዚህ ማሽኑ ሲጠፋ የሚጎድለው ቢበዛ የመጨረሻው ደቂቃ ሥራ ነው፤ ተማሪው ሌላ ወንበር ላይ በራሱ ስም ሲገባ ካቆመበት ይቀጥላል። ለዚህ ከ50 መቀመጫ 5ቱ በርተው፣ ተፈትሸው፣ ባዶ ሆነው መቆየት አለባቸው። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ያልተነሳ ማሽን ይተዋል፤ ተማሪው ይዛወራል፤ ጥገናው ከፈተና በኋላ ይደርሳል። ሰዓቱ ግን ሰርቨሩ ላይ መቁጠሩን አያቆምም። መብራት ሄዶ 12 ደቂቃ ያለፈበት ተማሪ 12 ደቂቃውን የሚያገኘው የሆነ ሰው ጽፎ ከያዘለት ብቻ ነው። ስለዚህ በየክፍሉ የወንበር ቁጥር፣ የቆመበት ሰዓትና የቀጠለበት ሰዓት የሚሞላበት መዝገብ ይኖራል፤ ፈታኙና ባለሙያው ይፈርሙበታል፤ የጣቢያ ኃላፊው በዚያ መሠረት ለተፈታኙ በስሙ ጊዜ እንዲጨመርለት ያስደርጋል። ይህን መዝገብ ሳይይዝ የሚቆጣጠር ጣቢያ ልጆችን እየበደለ ነው።

ኩረጃን በተመለከተ፣ ፈታኙ ከፊት ወንበር ላይ ከተቀመጠ የሚያየው የስክሪን ጀርባ ነው። ቦታው ከኋላ ነው፤ ከዚያ ሁሉም ስክሪን በአንድ ጊዜ ይታያል። የጥያቄውና የምርጫው ቅደም ተከተል ከተማሪ ተማሪ ቢለያይም፣ በጎረቤት ስክሪን ላይ ያለውን የመልስ ይዘት ማንበብ ይቻላልና መጋረጃ ወይም ርቀት ያስፈልጋል። ስልክ፣ ስማርት ሰዓት፣ የጆሮ ማዳመጫና ፍላሽ በር ላይ ይቀራሉ። ነጠላና ሻሽ የሚፈተሸው በሴት ፈታሽ፣ በክብር ነው።

ባለሙያው ወደ ወንበር ሲሄድ ፈታኝ አብሮት ይቆማል። ስክሪኑ ላይ ጥያቄ ካለ ማውሱን የሚይዘው ተማሪው ራሱ ነው፤ ባለሙያው “እዚህ ተጫን”፣ “እዚህ ተጫኚ” ብቻ ይላል። መልስ ሊነካ የሚችል እጅ ከሌላ ሰው ሊሆን አይገባም፤ የተሳሳተ ክሊክ በኋላ ክርክር ያመጣል። የብራውዘሩ መዝጊያ ፓስዎርድም በቃል የሚነገር ወይም ሰሌዳ ላይ የሚጻፍ ነገር አይደለም።

ከገጠር ትምህርት ቤት የመጣ፣ ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ ተማሪ ከመሣሪያ ብልሽት የማይተናነስ ትኩረት ይሻል። ገጹን ወደታች ማንሸራተት ባለማወቁ አራተኛውን ምርጫ ሳያየው ሊያልፍ ይችላል። ጨርስ የሚለውን ቁልፍ ቀጥል መስሎት የሚጫንም አለ፤ ይህ ሲሆን ወዲያው ለጣቢያ ኃላፊው ማመልከት እንጂ ክፍል ውስጥ መፍትሔ መፈለግ አይቻልም። ሰላሳ ደቂቃ የማውስ ልምምድ፣ ፈተናው ከሚሰጥበት ማሽንና ብራውዘር ጋር፣ ከረጅም ማብራሪያ ይልቅ ይጠቅማል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የፈታኙ ድምፅ ስለማይሰማ መመሪያው አስቀድሞ ይነገራል፤ ዋና ዋናው ሰሌዳ ላይ ይጻፋል።

ሰዓቱ ሲያበቃ ማሽኖቹ ወዲያው አይጠፉም። ባለሙያው በሰርቨሩ ዝርዝር ላይ የእያንዳንዱ ተፈታኝ ሥራ “ገቢ ሆኗል” ማለቱን ከመገኛ ወረቀቱ ጋር ያመሳክራል፤ ያልገባ ካለ ተማሪው ከክፍሉ ሳይወጣ ይታያል። ከዚያ የደቂቃ መዝገቡና የፓስዎርድ ወረቀቶቹ ተቆጥረው ይታሸጋሉ፤ ባዶ የነበሩት አምስት ማሽኖች ለነገ ይፈተሻሉ። ከሐይቁ በኩል ደመናው ከጠቆረ ዩፒኤሶቹ ከግድግዳ፣ ከውጭ የመጣው የመዳብ መስመርም ከስዊቹ ተነቅሎ ያድራል።