መክሊት ተሰጥኦ ከመባሉ በፊት

«መክሊቴን አገኘሁ»፣ «መክሊትህን አትቅበር» ስንባባል ሁላችንም እንግባባለን። ተሰጥኦ ማለታችን ነው። ቃሉ ግን ከዚያ በፊት የብርና የወርቅ መመዘኛ ነበር። ይህን ስለረሳነው ቃሉን የወሰድንበትን የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ምሳሌ ራሱን አጣመን እናነበዋለን። እኔን የሚቆረቁረኝ ይኸው ነው። በምሳሌው አንድ ጌታ ለሦስት አገልጋዮቹ መክሊት በአደራ ሰጥቶ ይሄዳል፤ ሁለቱ ያተርፉበታል፣ ሦስተኛው ግን መሬት ቆፍሮ ይቀብረዋል።

«መክሊት የድሮ ሳንቲም ነው»

ብዙዎቻችን ምሳሌውን ስንሰማ የሚታየን አንድ ሰውዬ ሳንቲም በመዳፉ ጨብጦ መሬት ሲቆፍር ነው። መክሊት ግን በመዳፍ አይያዝም። ክብደት ነው፣ ያውም ከባድ።

ስንት እንደሆነ ከዘጸአት ምዕራፍ 38 ማስላት ይቻላል። 603,550 ሰዎች እያንዳንዳቸው ግማሽ ሰቅል (ሰቅል ከመክሊት ያነሰ የክብደት መለኪያ ነው) ብር ሰጡ። ድምሩ 301,775 ሰቅል ነው። መጽሐፉ ይህንኑ 100 መክሊት ከ1,775 ሰቅል ይለዋል። ስለዚህ አንድ መክሊት 3,000 ሰቅል ነው ማለት ነው። በጥንቱ ይሁዳ ምድር በቁፋሮ የተገኙ የድንጋይ መመዘኛዎች ደግሞ አንድ ሰቅል ከ11 ግራም ትንሽ እንደሚበልጥ ያሳያሉ። ሲባዛ ወደ 34 ኪሎ ይመጣል።

የነቢዩ ኤልሳዕን አገልጋይ ግያዝን አስታውሱት። ከሶርያው የጦር አለቃ ከንዕማን ሁለት መክሊት ብር ሲቀበል፣ ብሩ በሁለት ከረጢት ታስሮ ሁለት ሎሌዎች ናቸው የተሸከሙለት። ለአንድ ሰው አንድ መክሊት። ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ፤ ክብደቱን ያለ ሚዛን ያሳያል። ንግሥተ ሳባ ለሰሎሞን የሰጠችው 120 መክሊት ወርቅም በዚሁ ስሌት አራት ቶን ገደማ ይሆናል።

«ክብደቱ የትም ቦታ እኩል ነበር»

አልነበረም። ባቢሎናውያንም ግሪኮችም የየራሳቸው ነበራቸው። የአቴናው 26 ኪሎ አካባቢ ነበር። በግሪክኛ ስሙ «ታላንቶን» ሲሆን መነሻው ሚዛን ማለት ነው። ዛሬ «ታለንት አለው» የምንለው ቃል የመጣው ከዚያ ነው። በእንግሊዝኛም ቃሉ ችሎታ ወደሚለው ትርጉም የዞረው በዚሁ በማቴዎስ 25 ምሳሌ ምክንያት ነው።

«አንድ መክሊት የደረሰው ምስኪኑ አገልጋይ ተበድሏል»

ይሄኛው ስብከት ላይም፣ ጨዋታ ላይም ይሰማል። አምስት ለአንዱ፣ ሁለት ለሌላው፣ ለዚህ ግን አንድ ብቻ! በእርግጥ ከጓደኞቹ አንሶ ነው የተቀበለው። ትንሽ ግን አልተቀበለም። በአዲስ ኪዳን ዘመን አንድ መክሊት 6,000 ዲናር (ዲናር የሮማውያን የብር ሳንቲም ነው) ያህል ነበር። በማቴዎስ 20 እንደምናነበው የቀን ሠራተኛ በቀን የሚከፈለው አንድ ዲናር ነው። በዓመት 300 ቀን ቢሠራ እንኳ 6,000 ዲናር ለማግኘት 20 ዓመት ይፈጅበታል። ያ ሰው አፈር ያለበሰው የሃያ ዓመት ደመወዝ ነው።

በእኛው ወቄት ካሰብነው ደግሞ፣ ወቄት 28 ግራም ገደማ ስለሆነ፣ 34 ኪሎው መክሊት ከ1,200 ወቄት ይበልጣል።

«ምናንም መክሊትም ያው ናቸው»

አይደሉም። በሉቃስ 19 ያለው ምሳሌ የምናን ነው። አሥር አገልጋዮች፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ ምናን። ምናን የመክሊት አንድ ስልሳኛ ነው። ለዚህም ነው የሉቃሱ ሰው ምናኑን በጨርቅ ጠቅልሎ ያስቀመጠው፤ የማቴዎሱ ግን ጉድጓድ መቆፈር ግድ ሆኖበታል።

«በምሳሌው ውስጥ መክሊት ማለት ችሎታ ነው»

ዛሬ በንግግራችን መክሊትን ተሰጥኦ ማለታችን ስህተት አይደለም። ቃል ያድጋል፣ ይሰፋል። ስህተቱ አዲሱን ትርጉም ወደ ጥንቱ ጽሑፍ መልሰን ስንከተው ነው።

ማቴዎስ 25፥15ን ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ጌታው መክሊቱን የሰጠው ለእያንዳንዱ «እንደ ዓቅሙ» ነው። አቅሙ አስቀድሞ ነበር። መክሊቱ የመጣው በኋላ፣ በአቅሙ ልክ ነው። ሁለቱ አንድ ቢሆኑ ኖሮ ዓረፍተ ነገሩ «ችሎታን እንደ ችሎታቸው ሰጣቸው» ይሆን ነበር። መክሊቱ የባለቤቱ ንብረት ነው፤ በአደራ ተሰጠ፣ ሒሳቡም ተጠየቀ። ጌታው ሰነፉን ሲወቅሰው ቢያንስ ለገንዘብ ለዋጮች ሰጥተህ ከነወለዱ በተቀበልኩ ነበር ይለዋል። ሰው ተሰጥኦውን ወለድ ላይ አያስቀምጥም።

ያው ቃል በማቴዎስ 18 ላይም አለ። አንድ ባሪያ እልፍ መክሊት ዕዳ ተማረለት። እልፍ አሥር ሺህ ነው፤ በዲናር 60 ሚሊዮን። እዚህ ላይ መክሊትን ተሰጥኦ ብላችሁ ተኩት፣ ትርጉም አይሰጥም። ያ ሰው ከንጉሡ ፊት ወጥቶ ባልንጀራውን አንገቱን ያነቀው በ100 ዲናር ነው። የተማረለት ዕዳ ካነቀበት 600,000 እጥፍ ይበልጥ ነበር።