«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»፦ ሸማኔው፣ አንበሳውና የሆሊውድ ጸሐፊዎች

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያላለ አበሻ የለም። ዕድር ሲመሠረት ይባላል። መዋጮ ሲጠየቅ ይባላል። ቡድናችን ሦስት ለባዶ ሲሸነፍም የሆነ ሰው ይላታል። ከመደጋገሟ ብዛት ቃላቱን ማየት ትተናል። እኔን መለስ ብዬ እንዳያት ያደረገኝ አንድ ቁጥር ነው፦ 97.85 በመቶ።

ቁጥሩ የመጣው ከአሜሪካ ነው። በኤፕሪል 2023 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የፊልምና የቴሌቪዥን ጸሐፊዎች ማኅበር አባላቱን አንድ ነገር ጠየቀ፦ ከስቱዲዮዎቹ ጋር ያለው ድርድር ካልሆነ አድማ እንድንጠራ ትፈቅዳላችሁ? 9,218 ሰው ድምፅ ሰጠ። 9,020ው «አዎ» አለ። እምቢ ያሉት 198 ብቻ ናቸው።

በነገራችን ላይ የማኅበሩ የምዕራብ ቅርንጫፍ ዋና ቢሮ ሎስ አንጀለስ፣ ሦስተኛ ጎዳናና ፌርፋክስ የሚገናኙበት ላይ ነው። ፌርፋክስን ይዛችሁ ወደ ደቡብ ብትወርዱ ብዙም ሳትርቁ ሊትል ኢትዮጵያ ትደርሳላችሁ። እንጀራውም ቡናውም እዚያ አለ። ተረቱም እዚያው ሰፈር አለ ማለት ነው።

ወደ ቃላቱ እንግባ። ድር ሲባል ብዙ ሰው የሸረሪቷን ነው የሚያስበው። እኔ ወደ ሸማኔው አደላለሁ። ምክንያቴ ቀላል ነው። የሸረሪት ድር ብዙውን ጊዜ የአንዲት ሸረሪት ሥራ ነው። ብቻዋን ታደራዋለች፣ ብቻዋን ትቀመጥበታለች። ማበር የሚባል ነገር የለበትም። የሸማኔው ድር ግን ሌላ ነው። ሽሮ ሜዳ ሄዶ ያየ ያውቀዋል። ሸማኔው እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ ይቀመጣል። ከፊቱ ድሩ ተወጥሯል፣ ክር ከክር ጎን፣ ክር ከክር ጎን። መወርወሪያው ማጉን ይዞ በመሃል ይመላለሳል። ማጉ ለስላሳ ነው፣ ልል ነው። ውጥረቱን የሚችለው ድሩ ነው። ከዚያ ሁሉ አንዷን ክር ነጥላችሁ ብትስቧት በሁለት ጣት ትበጠሳለች። እሷው ናት ግን ከጎረቤቶቿ ጋር ሆና ጋቢ የምትሸከመው።

ሁለተኛው ቃል «ቢያብር» ነው። አበረ። «አብሮ»፣ «ኅብረት» እና «ማኅበር» ሁሉም የዚህ ቃል ዘመዶች ናቸው፤ ሥራቸው ግዕዙ «ኀበረ» ነው። ስለዚህ ሠራተኛ ማኅበር ስንል ሳናውቀው ተረቱን ግማሽ መንገድ ብለነዋል። ደስ የሚለኝ ደግሞ ይሄ ቃል ሁለት ፊት ያለው መሆኑ ነው። «አበርን» ሲባል ያኮራል። «አበሩብኝ» ሲባል ግን አቤቱታ ነው። አድማም እንደዚያው ነው፤ «አደሙብኝ» ያለ ሰው ተንኮል ተሠራብኝ ማለቱ ነው። አንድ ነገር ከድሩ ወገን ሲታይ ማኅበር፣ ከአንበሳው ወገን ሲታይ አድማ ይሆናል። የሚለየው የምትቆሙበት ቦታ ነው።

ሦስተኛዋ ትንሿ ናት፦ «ቢ»። ተረቱ «ድር አንበሳ ያስራል» አይልም። ቢያብር ነው የሚለው። ክብደቱ ሁሉ እዚህች ፊደል ላይ ነው ያለው፤ እኛ ግን ስንደግማት «ኅብረት ኃይል ነው» ብለን ቶሎ እናልፋታለን። ባያብርስ? ያንን ጸሐፊዎቹ ከማንም በላይ ያውቁታል።

1985ን እንውሰድ። የዚያን ጊዜ ክርክሩ በቪዲዮ ካሴት ላይ ነበር። ፊልሙ በካሴት ተባዝቶ ሲሸጥ የጸሐፊው ድርሻ ስንት ይሁን? አድማው ተጠራ። አባላቱ ግን እርስ በርስ ተከፋፈሉ። ለቴሌቪዥን ከሚጽፉት ብዙዎቹ የካሴት ነገር የፊልም ሰዎች ጣጣ ነው ብለው አሰቡ። ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ አድማው ተበተነ። ጸሐፊዎቹ የተቀበሉት የማይረባ ስሌት ከካሴት ወደ ዲቪዲ ተሻገረ። በ2007 ሌላ አድማ ሊጀመር ሲል «የዲቪዲው ክፍያ እጥፍ ይሁን» ብለው ጠየቁ። አድማው ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው ጥያቄውን ራሳቸው አነሱት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በአንድ ወቅት ላልታሰረ ክር።

ከዚያ የከፋውም ነበር። ማኅበሩ የሠራተኛ ማኅበር ሆኖ የተነሣው በ1933 ነው፤ ያን ዓመት ስቱዲዮዎቹ ደሞዝ በግማሽ እንቁረጥ ብለው ነበር። ከነሱ መካከል ኤምጂኤም አለ። ፊልሞቹ ሲጀምሩ የሚያገሳው አንበሳ፣ አዎ፣ እሱ። (ተረቱ ሆሊውድን አስቦ የተተረተ ይመስላል።) በ1936 ጥሩ ተከፋይ የሆኑ ጸሐፊዎች ከማኅበሩ ተገንጥለው ለስቱዲዮዎቹ የሚስማማ ሌላ ማኅበር አቋቋሙ። ከዋና ቀስቃሾቹ ውስጥ በዚያው በአንበሳው ግቢ የሚሠሩ ነበሩበት። ነባሩ ማኅበር አባላቱ ሸሽተው ሊሞት ምንም አልቀረውም። ያዳነው ድምፅ መስጫ ነው። በ1938 የመንግሥት የሠራተኛ ጉዳይ ቦርድ ምርጫ አስደርጎ ጸሐፊዎቹ «ማን ይወክለን» የሚለውን በምስጢር መረጡ። ነባሩ ማኅበር በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። የመጀመሪያውን ውል እስከ 1942 አላገኘም እንጂ።

ስለዚህ እዚያ ማዶ የአድማ ድምፅ ሲሰጥ የሚሆነውን ነገር እንየው። ድምፁ ራሱ አድማ አይደለም። ድሩን ማድራት ነው፤ ሽመናው ገና ነው። ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው ወገን ደግሞ ክሮቹን ይቆጥራል። 60 በመቶ ብቻ «አዎ» ቢል በሕጉ ያስኬድ ይሆናል። ግን ማዶ ያለው ሰው አርባው ስንት ወር እንደሚችል ማስላት ይጀምራል። በ2017 ጸሐፊዎቹ 96 በመቶ «አዎ» ብለው ነበር። በመጨረሻዋ ሰዓት ውሉ ተፈረመ፣ አድማም አልተመታም። ገመዱን አይቶ የተቀመጠ አንበሳ በሉት።

ደግሞ አንበሳውም ብቻውን አይመጣም። ይሄን ብዙ ሰው አያስተውልም። ዲዝኒ፣ ኔትፍሊክስ፣ አማዞን፣ አፕል፣ ዋርነር ብራዘርስ፣ በገበያ ላይ አንዱ ሌላውን ሊውጥ የሚፈልግ ሁሉ፣ ለድርድር ሲቀመጡ የአምራቾች ኅብረት በሚባል አንድ ድርጅት ሥር ነው። አንበሶቹም አብረዋል። ታዲያ ጸሐፊ ለብቻው ገብቶ ምን ሊያመጣ? ስሙ የገነነ፣ ወኪል ያለው፣ ለራሱ ጥሩ ይደራደር ይሆናል። ትናንት የገባችው ልጅ ግን የምትተማመነው በማኅበሩ ዝቅተኛ ክፍያ ነው። የገነነው ሰው «አዎ» ሲል ብዙ ጊዜ የሚታገለው ለሷ ነው። እሱም ሲጀምር እሷን ነበር።

የ2023ቱ ጥያቄ ሦስት ነገር ነበር በአጭሩ። ስትሪሚንግ (ፊልም በኢንተርኔት ማሳየት) ከመጣ ወዲህ ፊልሙ ደጋግሞ ሲታይ የሚከፈለው ገንዘብ ቀጭጯል። ተከታታይ ድራማ የሚጽፉት ሰዎች ቁጥርና የሥራ ሳምንታቸው ቀንሷል። ሦስተኛው ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ነው። አምራቾቹ ያቀረቡት በዓመት 86 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ነበር፤ ጸሐፊዎቹ የጠየቁት 429 ሚሊዮን። አልተገናኙም። ሜይ 2 አድማው ተጀመረ።

አሁን አንድ ጠዋት ብቻ ላሳያችሁ። ገና አልነጋም። ቀረጻ አለ የተባለበት ቦታ በር ላይ ጥቂት ጸሐፊዎች ሰሌዳ ይዘው ይዞራሉ። ዕቃ የጫነ የጭነት መኪና ይመጣል። ሾፌሩ ጸሐፊ አይደለም፣ የጸሐፊዎቹም ማኅበር አባል አይደለም። የሱ ማኅበር ቲምስተርስ የሚባለው የሾፌሮች ማኅበር ነው። ውሉ ግን የአድማ ሰልፍ አላልፍም የማለት መብት ይሰጠዋል። መኪናውን ያዞራል። ካሜራው፣ መብራቱ፣ ልብሱ ከመኪናው ጋር ይመለሳል። በዚህ መንገድ የተቋረጡ ቀረጻዎች ብዙ ናቸው። ሰሌዳ የያዙት ጥቂት፣ ያቆሙት ግን የስንት ሰው ሥራ! ድሩ ከጸሐፊዎቹ ውጪም ክር ነበረው ማለት ነው። ተመሳሳዩ በጃንዋሪ 2008 ታይቷል። ተዋንያን የጸሐፊዎችን ሰልፍ አናልፍም ስላሉ የጎልደን ግሎብ የሽልማት ድግስ ቀርቶ አሸናፊዎቹ በጋዜጣዊ መግለጫ ተነገሩ።

አድማ ግን ሆድ አለው። የቤት ኪራይ አለው። እዚህ ጋ ሌላ ተረት ይመጣል፦ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ»። ድሩ ኬሪ የሚባል የቴሌቪዥን አቅራቢ አለ። (ስሙ በአማርኛ ሲጻፍ «ድሩ» መሆኑ የኔ ጥፋት አይደለም።) በአድማው ጊዜ የጸሐፊዎች መታወቂያ ይዞ የመጣ ሁሉ ሁለት ምግብ ቤቶች ውስጥ በሱ ሒሳብ እንዲበላ አደረገ። በር ላይ ውኃና ዶናት የሚያመጣ ሌላ ሰው ነው። ትንንሽ ሎሚ ነው ይሄ ሁሉ።

ከወዲያ ማዶም ትንንሽ ነገር ነበር። በጁላይ፣ ሙቀቱ በጠናበት ሰሞን፣ ከዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ውጪ ጸሐፊዎቹ የሚጠለሉባቸው ዛፎች ቅርንጫፋቸው ሙልጭ ተደርጎ ተቆርጦ ተገኘ። ስቱዲዮው የየዓመቱ የዛፍ እንክብካቤ ነው አለ። ከተማው ፈቃድ አልሰጠሁም አለ። ቅጣቱ 250 ዶላር ሆነ። እኔ ዳኛ አይደለሁም፤ ግን የዛፉ ፎቶ ከየትኛውም ንግግር የበለጠ ሰው ወደ ሰልፉ የጠራ ይመስለኛል። በዚያው ወር ጁላይ 14 ተዋንያኑም አድማ መቱ። ጸሐፊዎችና ተዋንያን አንድ ላይ ሲያድሙ ከ1960 ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

የጸሐፊዎቹ አድማ 148 ቀን ፈጀ። የተገኘው ውል በዓመት 233 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይገመታል። ኤአይ ጸሐፊ ተብሎ እንደማይቆጠር ተጻፈበት። ከጠየቁት ግማሹን ትንሽ ያለፈ ነው፤ «አንበሳውን አሰሩት» ለማለት ይበዛል፣ «ገሩት» ማለት ሳይሻል አይቀርም። ውሉ ለድምፅ ሲቀርብ 8,435 ሰው ተቀበለው፣ 90 ሰው ተቃወመው።

ጸሐፊዎቹ ሴፕቴምበር 27 ወደ ጠረጴዛቸው ተመለሱ። ተዋንያኑ ገና በር ላይ ነበሩ፣ እስከ ኖቬምበር 9። ውላቸውን የፈረሙት ጸሐፊዎች ደግሞ ጊዜ ሲያገኙ እየመጡ ያንኑ አስፋልት ከነሱ ጋር ይዞሩ ነበር።