አረፋ የደፈቀው ማን ነው?

ባለፈው ሳምንት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ሳዳምጥ፣ አንድ አቅራቢ እንግዳውን አዛውንት ሲያወድስ «ለአገራቸው አረፋ እስኪደፍቁ የሠሩ ሰው ናቸው» አለ። አዛውንቱ አመሰገኑት፤ ጨዋ ናቸው። ሊል የፈለገው «ላባቸው ጠብ እስኪል» ነው። አረፋ የሚደፍቀው የሚጥል በሽታ የጣለው ሰው፣ በንዴት የሚጮህ ሰው፣ ወይም ያለ ርኅራኄ የተጋለበ በቅሎ ነው። በቅሎ ልጓሙ ላይ አረፋ ደፍቆ ሲገባ መንደሩ የሚያማው ጋላቢውን ነው።

ብዙ ሰው አባባሉ ከዚሁ ከበቅሎ አፍ የወጣ ይመስለዋል። እኔ ከወንዝ ዳር ነው ባይ ነኝ።

አያቴ ቤት ሳሙና ለፊት ነበር፤ ለጋቢና ለቀሚስ እንዶድ። ጥምቀት ሲቃረብ የደረቀው ፍሬ ይወጣና ሙቀጫ ውስጥ ይገባል። ብናኙ ስለሚያስነጥስ አያቴ አፍና አፍንጫዋን በነጠላ ሸፍና ትወቅጠዋለች፤ እኛ ከሩቅ ሆነን እናስነጥሳለን። ዱቄቱ ውሃ ውስጥ አድሮ ጠዋት ወንዝ ይወርዳል። ጋቢው ጎድጓዳ ድንጋይ ውስጥ ሲነከር የልጆች ሥራ ይጀመራል፤ መርገጥ። እጅ ለእጅ ተያይዘን ስንረግጥ አረፋው ከቁርጭምጭሚታችን ወደ ጉልበታችን ይወጣል፤ ጋቢው አይታይም፣ እግራችንም አይታይም። አያቴ ከዳር ሆና «በአረፋው አትጫወት፣ ልብሱን ድፈቀው!» ትላለች።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። መድፈቅ ውሃ ውስጥ ማጥለቅ ነው። አረፋው ሲበዛ ግን ደፋቂው ራሱ አረፋው ይሆናል፤ ከሥሩ ያለውን ሁሉ ያሰጥማል። የተናደደ ሰውም ቃሉ ከአረፋው ሥር ሰጥሞ ጩኸቱ ብቻ ይሰማል። ምስክሬ የአያቴ ድምፅ ብቻ ቢሆንም ለማንም አልለቅም። ኮረፌንም እጨምራለሁ፤ ጎንደሬዎች ከገብስ የሚጠምቁትን ባለ አረፋ መጠጥ። ማኩረፍ የእሱ ዘመድ ይመስለኛል፦ ወደ ውጭ የገነፈለው አረፋ ደፈቀ፣ ጋኑ ውስጥ የቀረው አኮረፈ። (የበዓሉ አረፋ ሌላ ነው፤ እሱ የመካው ተራራ ስም ነው።)

የእንዶድ አረፋ ደግሞ በማስጠም አይቆምም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አድዋ አካባቢ ቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎችን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ሞተው አገኟቸው። እኛ ስንረግጥ ከታች ማን እንደሚሞት መች አሰብን!

ሰሞኑን ደግሞ «አረፋ የሚደፍቅ» የተባለ የሳሙና ማስታወቂያ ሰማሁ። እሱን ይቅር ብያለሁ፤ ቢያንስ ቃሉን ወደ ልብስ አጠባው መልሶታል። አዛውንቱ ግን ምን በደሉ? «ላባቸውን አፍስሰዋል» ማለት ከከበደ «ደክመዋል» ይበቃቸው ነበር።