የኩባንያ ቶከኖች፦ በተለምዶ የሚባለውና እውነታው

በቅኝ ግዛት ዘመን እርሻና ሱቅ የነበራቸው ብዙ ኩባንያዎች የራሳቸውን ቶከን፣ ማለትም በሳንቲም ፈንታ የሚያገለግል ምልክት፣ ያሠሩ ነበር። ሠራተኛው ደመወዙን፣ ደንበኛውም መልሱን በዚያ ይቀበላል። ዛሬ ቶከኖቹ ሰብሳቢዎች እጅ ገብተዋል። አብሯቸው የሚዞረው የተሳሳተ ወሬ ግን ብዙ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ቶከን ያው ገንዘብ ነው»

አይደለም። ቶከን የሚያገለግለው ያወጣው ሰው እሺ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። በሕንድ ውቅያኖስ ያሉትን የኮኮስ ደሴቶች እንውሰድ። ክሉኒስ-ሮስ የተባለ የስኮትላንድ ቤተሰብ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደ ርስቱ ይዟቸው ኖሯል። ኮኮናት የሚለቅሙትና የሚፈለፍሉት የማላይ ተወላጆች ነበሩ። የሚከፈላቸው በቤተሰቡ ቶከን ነው፤ ቶከኑ የሚመነዘረውም በቤተሰቡ ሱቅ ነው። ደመወዙን የሚቆርጠውና የሩዙን ዋጋ የሚተምነው አንድ ሰው ነው ማለት ነው። ከደሴቱ ከወጡ በኋላ ያ ቶከን ዳቦ እንኳ አይገዛም። ይህ የሩቅ ዘመን ታሪክ እንዳይመስላችሁ። አውስትራሊያ አብዛኛውን መሬት ከቤተሰቡ የገዛችው በ1978 ነው፤ በ6.25 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር።

ስለዚህ አንድ ቶከን እጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ያወጣል?» አይደለም። «የት የት ያገለግል ነበር?» ነው።

«ፕላስቲክ ከሆነ የልጆች መጫወቻ ነው፤ ዋናው ወርቁና ብሩ ነው»

እዚያው ኮኮስ ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ቤተሰቡ መጀመሪያ በበግ ብራና ላይ የተጻፈ ገንዘብ ያወጣ ነበር። በ1913 ደግሞ የዝሆን ጥርስ የሚመስሉ የፕላስቲክ ቶከኖች አሠራ፤ ከ5 ሳንቲም እስከ 5 ሩፒ። በ1968ም እንደገና ፕላስቲክ ወጣ። የብርና የወርቅ ሳንቲሞቹ የመጡት በ1977 ነው፤ የወርቁ 150 ሩፒ ይላል። እነሱ ለሰብሳቢ ዓይን የተሠሩ ናቸው። የሠራተኛው ላብ ያለው ፕላስቲኩ ላይ ነው። እኔ ብመርጥ ያለጥርጥር እሱን ነው የምመርጠው።

«ፊደሉ ከተሳሳተ ፎርጅድ ነው»

ሁልጊዜ አይደለም። በካናዳ የሀድሰን ቤይ ኩባንያ የንግዱ መለኪያ የቢቨር ቆዳ ነበር። ቢቨር ወንዝ እየገደበ የሚኖር ጸጉራም እንስሳ ነው። አዳኙ ያመጣው ሌላ ቆዳም ሆነ ከሱቁ የሚወስደው ብርድ ልብስ የሚተመነው «ይህን ያህል ቢቨር» እየተባለ ነው። ኢስት ሜይን በተባለው አውራጃ ለዚህ የሚሆኑ የናስ ቶከኖች ወጡ፦ አንድ፣ ግማሽ፣ ሩብና አንድ ስምንተኛ። አንዱን ገልብጣችሁ ብታዩት ከታች «ኤን ቢ» የሚል ታገኛላችሁ። መሆን የነበረበት «ኤም ቢ» ነው፤ በእንግሊዝኛ «ሜድ ቢቨር»፣ የተዘጋጀ የቢቨር ቆዳ ለማለት። ቅርጹን የቀረጸው ሰው ተሳሳተ፣ ቶከኑም እንደዚያው ሆኖ ሥራ ላይ ዋለ። እንግዲህ ስሕተት ያለበት ነው ትክክለኛው።

ብዙዎቹ ላይ ብስ አለ። ሻጭ «ተበላሽቷል» ቢላችሁ አትመኑት፤ ሒሳቡ ተወራርዶ ቶከኑ መሰረዙን የሚያሳይ ምልክት ነው።

«ሁሉም የሠራተኛ መበዝበዣ ነበር»

ይህንን የሚሉት በቅን ልብ ነው፤ ኮኮስን ላየ ሰው አይፈረድበትም። አውስትራሊያ ውስጥ ግን ጉዳዩ የዝርዝር ሳንቲም እጥረት ነበር። ባለሱቅ መልስ ሲያጣ ማስቲካ እንደሚሰጠን ዓይነት ነው። የሜልበርን ከተማው አናንድ ስሚዝ የተባለ ድርጅት ከ1849 ጀምሮ የአንድ ፔኒ ቶከን አወጣ፤ ሌሎች ነጋዴዎችም ተከተሉት። ቶከኑ ከሱቅ ሱቅ ይዞር ነበር። የአውስትራሊያ ግዛቶች የሆኑት ቪክቶሪያ በ1863፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ በ1868 ከለከሉት። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ የኮኮሱን ሠራተኛ በደል ያቀልላል።

«ከመሸጥ በፊት መወልወል ነው»

በፍጹም! ናስና መዳብ ሲወለወል የዘመኑ ወዝ ይገፈፋል፣ ዋጋውም ይወርዳል። ከዚያ ይልቅ ከየት እንደተገኘና ማን ቤት እንደነበረ ጠይቃችሁ በወረቀት ጻፉ፤ ወረቀቱንም ከቶከኑ ጋር አስቀምጡ።