ይህች ግልገል ከየት መጣች?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

መጽሐፈ ጦቢት ምዕራፍ 2 ላይ አንድ ትንሽ የባልና ሚስት ጭቅጭቅ አለ። ጦቢት በነነዌ ምርኮኛ ነው። ዓይኑ ጠፍቷል። ሚስቱ ሐና የሰው ሥራ እየሠራች ቤቱን ታስተዳድራለች። አንድ ቀን አሠሪዎቿ በደመወዟ ላይ የፍየል ግልገል መርቀው ሰጧት። ግልገሏ ቤት ስትገባ ጮኸች። ጦቢት ባያይም ሰማ። ከየት መጣች? የተሰረቀች እንዳትሆን፤ ከሆነች ለባለቤቶቹ መልሺ አላት።

ግልገሏ የተሰረቀች አልነበረችም። ሐናም ተቆጣች፤ እውነቷን ነው። ሚስቱን አለማመኑ ልክ አልነበረም። እኔን የያዘኝ ግን ጥያቄው ነው። ቤቱ ችግር ገብቶበታል። እንዲያም ሆኖ ወደ አፉ የሚገባው ነገር ከየት እንደመጣ ሳያውቅ መብላት አልፈለገም።

እኔ ዓይኔ እያየ ሳልጠይቅ ስበላ ኖሬአለሁ።

ታውቁታላችሁ። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «የእገሌን መጽሐፍ ሶፍት ኮፒ ያላችሁ ላኩልኝ» ይባላል። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ፒዲኤፉ ከች ይላል። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» እንላለን። ገጾቹ በስልክ ካሜራ የተነሡ ናቸው፤ ጥግ ላይ የሰው አውራ ጣት ይታያል። ባለፈው ዐቢይ ጾም አምስት መንፈሳውያን መጻሕፍትን እንዲህ አንብቤ ጨረስኩ። አንደኛውን ሳነብ አልቅሻለሁ። ስለ ንስሐ ነበር የሚናገረው።

ከፋሲካ በኋላ የዚያን መጽሐፍ ጸሐፊ አንድ ጉባኤ ላይ አገኘኋቸው። መጽሐፍዎ በጣም ጠቀመኝ አልኳቸው። ፊታቸው በራ። «ተመስገን! ከየት አገኘኸው ልጄ? መደብሮቹ አልተሸጠም ብለው መልሰውልኝ እኮ ካርቶኑ እኔ ቤት ነው የተከመረው» አሉኝ።

ከየት አገኘኸው። መልስ አጣሁ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ስለዚህ ነገር ስናወራ ቶሎ የሚመዘዝ ጥቅስ አለ። «በከንቱ ተቀበላችሁ፥ በከንቱ ስጡ።» ማቴዎስ 10፥8 ነው። ጌታ ይህን የተናገረው ለሚሰጡት ነው። መምህሩ መጽሐፉን በነጻ ልስጥ ካለ ዋጋው በሰማይ ነው። እኔ ግን በእሱ ስም ቸር ልሆን አልችልም። ደግሞ ሁለት ቁጥር ዝቅ በሉ። «ለሠራተኛ ምግቡ ይገባዋልና» ይላል። ያንን ማንም አይጠቅሰውም።

ሌላው ከበድ ይላል። «አባቶቻችን መጽሐፍ እየገለበጡ አይደል እንዴ ያቆዩልን?» ይባላል። አዎ፣ ገልብጠዋል። ግን እንዴት? ቆዳው ይወጠራል፣ ይፋቃል። ቀለሙ ይበጠበጣል፣ ብርዑ ይቀረጻል። መጽሐፉ ትልቅ ከሆነ የስንት ፍየል ቆዳ ይፈጃል፤ ቁም ጸሐፊው ወራት ጎንበስ ብሎ ይውላል። ያስጻፈው ሰው ለድካሙ ይከፍለዋል። ብዙ ብራና ላይ የጻፈውም ያስጻፈውም ስም ሰፍሮ ጸልዩላቸው ይላል። እዚያው ላይ ደግሞ ይህችን ታገኛላችሁ፦ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ለይኩን»። የሰረቀው፣ የፋቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። አባቶች መገልበጥንና መስረቅን አላምታቱም።

«ዘፈሐቆ» የምትለዋ ቃል እኔን ታስጨንቀኛለች። በእነዚያ ፋይሎች ላይ መጀመሪያ የሚፋቀው «የደራሲው መብት በሕግ የተጠበቀ ነው» የሚለው ገጽ ነው፤ ከነጸሐፊው ስልክ ቁጥር። በቦታው የቻናሉ ስም ይለጠፋል።

ሕጉም አለ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲውን በሕይወት ዘመኑ፣ ከሞተ በኋላም ወራሾቹን ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ከዚያ ወዲያ ሥራው የሁሉም ነው። ለምሳሌ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ያረፉት በ1931 ዓ.ም. ነው፤ እሳቸው የጻፉትን ማውረድ ማንንም አይጎዳም። መጽሐፍ መዋዋስም ኃጢአት አይደለም። አንድ ቅጂ ነው፤ አንተ ስታነበው እኔ ጋ የለም።

«ገንዘብ የለኝም» ለሚል ሰው ግን ልቤ ይራራል። የመጽሐፍ ዋጋ የት እንደደረሰ እናውቃለን። አዲስ አበባ ያለ ሰው ወመዘክርም አብርሆትም ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ማንበብ ይችላል። ግሩፓችን ውስጥ አምስት ሆነን ብናዋጣ አንድ መጽሐፍ በየተራ ይዳረሰናል። ሪያድ ወይም ኩዌት በሰው ቤት የምትሠራ እኅቴስ? መደብር የላት፣ ፖስታ የላት፣ ማታ ስልኳ ላይ ያለችው ገጽ ናት የምታጽናናት። በእሷ ላይ ቃል አይወጣኝም። ይልቅ እኛ አገር ቤት ያለን ለጸሐፊው እንጻፍላቸው። «እንዲህ ያለች እኅት አለችን፣ ፋይሉን ይፈቅዱላታል?» እንበላቸው። በቴሌብር ልንከፍልላትም እንችላለን። እንዲህ የመጣ ፋይል የሐና ግልገል ነው። ከየት መጣ ቢሉን መልስ አለን።

ነገሩን ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። «ትንሽ ነገር ናት» ይሉኛል ብዬ ነበር። አላሉም። «አምስቱንም ግዛና ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ስጥ፤ ፋይሎቹን አጥፋ» አሉኝ። የመጀመሪያውን ከጸሐፊው ቤት፣ ከካርቶኑ ውስጥ ገዛሁ። ቡና አፍልተው ጠበቁኝ። ሦስቱን አራት ኪሎ አገኘኋቸው። አምስተኛው ገበያ ላይ የለም፤ ጸሐፊውም ካረፉ ቆይተዋል። አሁን ልጆቻቸውን እያፈላለግሁ ነው።