ሮዝ ያበበ ሐረግ ሁሉ አንድ አይደለም

ክረምቱ ሲወጣ አጥርና ቁጥቋጦ ላይ ጥሩንባ የመሰለ ሮዝ አበባ እናያለን። ጠዋት ይከፈታል፣ ፀሐይ ሲበረታ ይጠወልጋል። ስሙን ስንጠየቅ «ሐረግ ነው» ብለን እናልፋለን። አዞ ሐረግም ሐረገ ሬሳም ሐረግ ይባላሉ እኮ! ዝምድና ግን የላቸውም። ይሄኛው ኢፖሜያ የሚባለው የዕፅዋት ወገን ነው፤ ብዙ ዓይነት አለው። ስለ እሱ የሚባለውን አንድ በአንድ እንይ።

«በቀለሙ ይለያል»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከዓይነቶቹ አንዱ፣ ኢፖሜያ ፑርፑሪያ፣ ብቻውን ሰማያዊም፣ ወይን ጠጅም፣ ሮዝም፣ ነጭም ያብባል። ኢፖሜያ ኢንዲካ ደግሞ ጠዋት ሰማያዊ ሆኖ ይከፈትና እየጠወለገ ሲሄድ ወደ ሮዝ ያደላል። ጠዋት ያየው «ሰማያዊ» ይላል፣ ከሰዓት ያየው «ሮዝ» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም።

ይልቅ አበባውን ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ። አምስት ትንንሽ አረንጓዴ ቅጠሎች አቅፈውታል። ፑርፑሪያ ላይ አጠር ያሉ ናቸው፣ ግርጌያቸው ላይ ጠጉር አላቸው። ዘመዱ ኢፖሜያ ኒል ላይ ግን ጫፋቸው ቀጥኖና ረዝሞ ወደ ውጭ ይቆለመማል። ፎቶ ስታነሱ ጀርባውንም አንሱ። ከፊት ብቻ የተነሳ ፎቶ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ባለሙያንም ያስቸግራል።

«ቅጠሉ የልብ ቅርጽ አለው»

የፑርፑሪያ አዎ፣ አብዛኛውን ጊዜ። የኢፖሜያ ካይሪካ ቅጠል ግን እንደ እጅ ጣቶች የተከፋፈለ ነው።

«የአገራችን የዱር አበባ ነው»

ካይሪካ አፍሪካዊ ነው፤ ስሙም ከካይሮ የመጣ ነው። ፑርፑሪያ ግን ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ እንግዳ ነው። ዱር ገባ ማለት የዱር ነው ማለት አይደለም።

«የስኳር ድንች ዘመድ ስለሆነ አይጎዳም»

ዘመድነቱ እውነት ነው፤ ስኳር ድንችም ኢፖሜያ ነው፣ አበባውም ይመሳሰላል። ግን ኢፖሜያ ካርኒያን የበላ ፍየል ይመረዛል። ካርኒያ ደግሞ እንደሌሎቹ አይጠመጠምም፣ ቁጥቋጦ ሆኖ ይቆማል። በመጠምጠሙ ብቻ የሚለይ ሰው እሱን ያልፈዋል።

«ማሳ ላይ የሚሳበው ትንሹም ያው ነው»

ገበሬውን የሚያስቸግረው ያ ነጣ ያለ ሮዝ አረም ኮንቮልቩሉስ የሚባል ሌላ ወገን ነው። አበባውን ሰንጥቃችሁ መሃሉ ላይ የቆመችውን ቀጭን ዘንግ ፈልጉ። ጫፏ እንደ ትንሽ ኳስ ከተድቦለቦለ ኢፖሜያ ነው። ሁለት ክር ሆና ከተሰነጠቀች ኮንቮልቩሉስ ነው።