ሎሚዬ ለምን ቢጫ ሆነ? ስለ አልካላይን አፈር የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጎንደር ውስጥ ከቤቱ ጀርባ ትንሽ ቦታ ያለው ሰው አንድ ሎሚ፣ አንድ ጌሾ፣ ጥቂት ጎመን አያጣም። እኔም እንደዚያው ነኝ። አጥሩን በብሎኬት ባስገነባሁ በሁለተኛው ዓመት ግን ከአጥሩ ሥር ያለው ሎሚ ቢጫ እየሆነ መጣ። ያልተመከርኩት ምክር የለም። አብዛኛው ዛፉን የሚጎዳ መሆኑን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

«ቅጠል ቢጫ ከሆነ ዩሪያ ነው የጎደለው»

ጎረቤታችን እትዬ «ልጄ፣ ዩሪያ ጣል አድርግበት» አሉኝ። ሁለት ጊዜ ጨመርኩ፤ ምንም ለውጥ የለም። መጀመሪያ ማየት የነበረብኝ የትኛው ቅጠል እንደሚገረጣ ነበር። ናይትሮጅን ሲያንስ ቀድመው ቢጫ የሚሆኑት ከታች ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ናቸው። የእኔ ሎሚ ላይ ግን አሮጌዎቹ አረንጓዴ ናቸው፤ የገረጡት ጫፍ ላይ ያሉት ለጋዎቹ ናቸው። አንዱን ቀጥፌ ወደ ፀሐይ ሳነሳው ሥጋው ቢጫ፣ ጅማቶቹ አረንጓዴ፣ ልክ እንደ መረብ። ይህ የብረት እጥረት ምልክት ነው።

ብረት ግን አፈሩ ውስጥ ሞልቷል። የአፈሩ ፒኤች፣ ማለትም የአሲዳማነቱ መለኪያ ቁጥር፣ ከ7 በላይ ሲወጣ አፈሩ አልካላይን (የአሲዳማ ተቃራኒ) ነው፤ ያኔ ብረቱ አይሟሟም፤ ሥር ሊስበው አይችልም። ስለዚህ የዛገ ምስማር መቅበርም አይጠቅምም። ዝገቱም ያው የማይሟሟ ብረት ነው።

«ኖራና አመድ ለማንኛውም አፈር መድኃኒት ነው»

በጣም የሚያሳስበኝ ይኼኛው ነው። «ኖራ ጨምሩ» የሚለው ምክር የተሰጠው ጎጃምን በመሳሰሉ አካባቢዎች ላለው አሲዳማ አፈር ነው፤ እዚያ ትክክል ነው። ኖራ ፒኤች ከፍ ያደርጋል። አልካላይን አፈር ላይ መጨመር ግን በእሳት ላይ ቤንዚን ነው። አመድም ሥራው ተመሳሳይ ነው። እኛ ቤት እንጀራ በተጋገረ ቁጥር አመዱ የሚደፋው የት ነበር መሰላችሁ? ሎሚው ሥር። በዚያ ላይ ግንበኞቹ የተረፈውን ሲሚንቶና ፍርስራሽ እዚያው ቀብረውት ሄደዋል። ሲሚንቶም ውስጡ ኖራ ነው።

«ጥቁር አፈር ከሆነ ችግር የለበትም»

የደንቢያን ጥቁር አፈር ያየ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ቀለም ግን ስለ ፒኤች አይናገርም። ቤት ውስጥ የሚሠራ ሙከራ አለ፦ ደረቅ አፈር በቆርቆሮ ክዳን ላይ አድርጉና አቼቶ ጠብ አድርጉበት። ከተንተከተከና አረፋ ካወጣ አፈሩ ውስጥ ኖራ አለ። የእኔው ሽው ብሎ ጮኸ። ዝም ቢልም አልካላይን አይደለም ማለት አይደለም፤ ቁርጡን የሚነግራችሁ የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። ውጤቱ ሲመጣ 7 እና 8 የተቀራረቡ አይምሰሏችሁ፤ የአልካላይንነት ልዩነታቸው 10 እጥፍ ነው።

«አቼቶ ወይም የሎሚ ጭማቂ ካፈሰሱበት ይስተካከላል»

አይስተካከልም። አፈሩ ውስጥ ያለው ኖራ አሲዱን ወዲያው ያከሽፈዋል። ድኝ ይሠራል፤ ግን ወደ አሲድ የሚቀይሩት የአፈር ተሕዋስያን ስለሆኑ ወራት ይፈጃል። ኖራ በበዛበት አፈር ደግሞ ያን ያህል ለውጥ አያመጣም።

«እንዲህ ያለ አፈር ምንም አያበቅልም»

ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቀይ ሥር፣ ሮማንና በለስ መጠነኛ አልካላይን አፈርን ይችሉታል። ሽምብራም እንደዚሁ። የሚቸገረው ቡና ነው፤ አሲዳማ አፈር ይወዳል። ስለዚህ የእኔን ቡና ብስባሽ በበዛበት አፈር በግማሽ በርሜል ተክዬዋለሁ።

ለሎሚው ፍርስራሹን ቆፍሬ አወጣሁ፤ አመዱን አስቆምኩ፤ ብስባሽ አለበስኩት። ብረትም ሰጠሁት፤ ኬሌት የሚባለውን፣ ሥር እንዲስበው ሟሟ ሆኖ እንዲቆይ ተደርጎ የተዘጋጀውን። ስትገዙ ኢዲዲኤችኤ የሚለውን ምረጡ፤ ከፍ ባለ ፒኤች ሳይከሽፍ የሚቆየው እሱ ነው። የገረጡት ቅጠሎች ሙሉ በሙሉ አልተመለሱም። ከክረምቱ በኋላ ያወጣቸው አዳዲሶቹ ግን አረንጓዴ ናቸው።